የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ሠርቻለሁ»፣ «ሠርቼ ነበር» እና «ብሠራ ኖሮ» በእንግሊዝኛ

በእንግሊዝኛ ግሶች ላይ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከመሀል አዲስ አበባ ናቸው፤ ከአራት ኪሎ፣ ከስታዲየም፣ ከሜክሲኮ፣ ከፒያሳ፣ ከለገሃር። መልሱን ለማመሳከር እንዲመች በተቻለ መጠን አንድ መደበኛ ግስ ይዘን እንሄዳለን፤ እሱም መሥራት ማለት የሆነው «ዎርክ» ነው። በቦታው «ኮል»ን ወይም «ክሊን»ን ብትተኩ አካሄዱ አይለወጥም። የእንግሊዝኛውን ቃል የጻፍነው በሚነገርበት ድምፅ ነው።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። 12 ቴንስ (የግስ ጊዜ) አለ እየተባልን ተምረናል፤ የአንዱን ግስ ቅርጽ ስቆጥር ግን 12 አይሞላልኝም። አንድ ግስ በትክክል ስንት ቅርጽ አለው? 12ቱንስ ሳላደባልቅ እንዴት ልያዛቸው?»
*ተማሪ፣ አራት ኪሎ*

ቆጠራህ ልክ ነው። «ዎርክ» ያሉት ቅርጾች 4 ብቻ ናቸው፦ ዎርክ፣ ዎርክስ፣ ዎርክት፣ ዎርኪንግ። አማርኛው በኃላፊ ጊዜ ብቻ ሠራሁ፣ ሠራህ፣ ሠራሽ፣ ሠራ፣ ሠራች፣ ሠራን፣ ሠራችሁ፣ ሠሩ እያለ 8 ጊዜ ይለዋወጣል። እንግሊዝኛው ለስምንቱም «ዎርክት» ብሎ ያልፋል። ባለቤቱ፣ ማለትም «አይ»፣ «ዩ»፣ «ሺ»፣ ከዓረፍተ ነገሩ የማይቀረውም ለዚህ ነው፤ እሱ ከተተወ ማን እንደሠራ የሚያሳውቅ ነገር የለም።

12ቱ የሚገኙት ከረዳት ግሶች ነው። ጊዜው 3 ነው፤ ኃላፊ፣ አሁን፣ ወደፊት። በእያንዳንዱ ጊዜ ድርጊቱ በ4 መልክ ይታያል፤ እንዲሁ ተራ ሆኖ፣ በሂደት ላይ ሆኖ፣ ተፈጽሞ፣ ወይም ሲሠራ ቆይቶ እዚያ ጊዜ ላይ ደርሶ። ለአሁን ጊዜ «አይ ዎርክ»፣ «አይ አም ዎርኪንግ»፣ «አይ ሃቭ ዎርክት»፣ «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ» ይሆናል። ለኃላፊ «አይ ዎርክት»፣ «አይ ዋዝ ዎርኪንግ»፣ «አይ ሃድ ዎርክት»፣ «አይ ሃድ ቢን ዎርኪንግ»። ለወደፊት «አይ ዊል ዎርክ»፣ «አይ ዊል ቢ ዎርኪንግ»፣ «አይ ዊል ሃቭ ዎርክት»፣ «አይ ዊል ሃቭ ቢን ዎርኪንግ»። የመጨረሻው በንግግርም በጽሑፍም እምብዛም አይገጥምህም፤ ጊዜህን እሱ ላይ አታጥፋ።

ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ነገር ልብ በል፤ እያንዳንዱ ረዳት ከኋላው የሚመጣውን ቅርጽ ራሱ ይወስናል። ከ«ሃቭ» ቤተሰብ በኋላ «ዎርክት» ይመጣል። ከ«ቢ» ቤተሰብ በኋላ፣ ማለትም ከአም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዋዝ፣ ወር፣ ቢን በኋላ፣ «ዎርኪንግ» ነው። ከዊል፣ ካን፣ መስት፣ ሹድ፣ ዱ፣ ዳዝ፣ ዲድ በኋላ ደግሞ ምንም ያልተጨመረበት «ዎርክ»። ጊዜውን የሚሸከመው ከሁሉም ፊት የቆመው ረዳት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሂ ዲድ ኖት ዎርክት» ስህተት ነው፤ «ዲድ» ኃላፊ ጊዜውን ስለወሰደው ግሱ ባዶውን ይቀራል። «ሂ ዳዝ ኖት ዎርክስ»ም እንዲሁ፤ «ኤስ» ፊደሏ ቀድማ «ዳዝ» ላይ ገብታለች። «አይ አም ዎርክ» ደግሞ ጀማሪዎች አዘውትረው የሚሉት ነው፤ ወይ «አም» ይውጣ፣ ወይ «ዎርኪንግ» ይግባ።

በመደበኛ ግስ ላይ አንድ መደናገሪያ አለ። ኃላፊ ጊዜውና ከ«ሃቭ» በኋላ የሚመጣው ፓስት ፓርቲሲፕል አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው የትኛውን እንደተጠቀምክ አይታይም። ጥርጣሬ ሲገባህ በቦታው «ራይት»ን ተካ። «ሮውት» ካልክ ኃላፊ ነው፤ «ሪትን» ካልክ ፓርቲሲፕል ነው። ባለቤቱ ሂ፣ ሺ ወይም ኢት ሲሆን የሚለወጡት ደግሞ የአሁን ጊዜዎቹ 4 ብቻ ናቸው፦ «ሂ ዎርክስ»፣ «ሂ ኢዝ ዎርኪንግ»፣ «ሂ ሃዝ ዎርክት»፣ «ሂ ሃዝ ቢን ዎርኪንግ»። የቀሩት 8 ከ«አይ» ጋር አንድ ናቸው። በዚህ መንገድ ብታጠና 24 ዓረፍተ ነገር ሳይሆን 12 እና 4 ነው የምትይዘው።

«ስታዲየም አካባቢ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ለአንድ የውጭ አገር እንግዳ ‹አይ ሃቭ ኮልድ ዩ ዬስተርዴይ› ብለው ባልደረባዬ ስህተት ነው አለችኝ። በሌላ ጊዜ ‹አይ ሃድ ኮልድ ዩ ዬስተርዴይ› ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም ስህተት ነው ተባልኩ። በአማርኛ ‹ትናንት ደውዬልዎታለሁ›ም ‹ትናንት ደውዬልዎት ነበር›ም እንላለን። ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?»
*እንግዳ ተቀባይ፣ ስታዲየም*

በሁለቱም ቦታ ትክክሉ «አይ ኮልድ ዩ ዬስተርዴይ» ነው። ባልደረባዎ አልተሳሳቱም። ይህ ከአማርኛ ተናጋሪዎች ስህተት ሁሉ እጅግ ሥር የሰደደው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

«ሠርቻለሁ» የሚለው የአማርኛ ቅርጽ ከቦዝ አንቀጹ «ሠርቼ» እና ከ«አለ» የተሠራ ነው። የተፈጸመ ነገር ይናገራል፤ «ትናንት» ቢጨመርበትም ቅር አይለውም። የእንግሊዝኛው «ሃቭ ዎርክት» ግን የአሁን ጊዜ ነው። ድርጊቱ ያለፈ ቢሆንም የሚያወራው ዛሬ ስላለው ውጤት ነው። ስለዚህ ከተዘጋ ጊዜ ጋር አይገጥምም። የተዘጋ ጊዜ የምንለው ዬስተርዴይን፣ ላስት ዊክን፣ ቱ ዴይስ አጎን፣ ኢን 2015ን፣ እንዲሁም በ«ዌን» የሚጀምር ጥያቄን ነው። ከእነዚህ አንዱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ «ሃቭ» ይወጣል። ኤቨር፣ ኔቨር፣ «የት» (ገና)፣ ሲንስ፣ ሶ ፋር ካሉ ግን «ሃቭ» ቦታው ነው። «ዚስ ሞርኒንግ» በሁለቱም በኩል ይቆማል፤ ጠዋቱ ገና ካላለቀ «አይ ሃቭ ኮልድ ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ይባላል፤ ከቀትር በኋላ ከሆነ «አይ ኮልድ ሂም» ብቻ ነው።

በሥራ ቦታዎ በየቀኑ የሚገጥምዎትን እንውሰድ። እንግዳው ሊወጣ ሲል ቁልፉን መልሶ እንደሆነ ይጠይቁታል፤ «ሃቭ ዩ ሪተርንድ ዘ ኪ?» መቼ እንደመለሰ ሳይሆን አሁን ቁልፉ የት እንዳለ ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ «ሃቭ» ልክ ነው። እንግዳው «ዬስ፣ አይ ሪተርንድ ኢት አት ናይን» ይልዎታል። ሰዓቱን በጠራበት ቅጽበት «ሃቭ» ወጣ። ከዚያ በኋላ «ለማን ሰጡት?» ብለው ሲቀጥሉ እርስዎም በኃላፊው ይቀጥላሉ እንጂ ወደ «ሃቭ» አይመለሱም። የእንግሊዝኛ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ በ«ሃቭ» ይከፈታል፣ ጊዜው ሲታወቅ ወደ ተራው ኃላፊ ይወርዳል።

ወደ «ደውዬልዎት ነበር» እንምጣ። በአማርኛ ይህን ስንል «ግን አላነሱም» ወይም «ግን አልሆነም» የሚል ነገር በውስጡ አለ። «ሃድ ኮልድ» ይህን አይልም። «ሃድ» የሚያስፈልገው ሁለት ያለፉ ነገሮች ሲኖሩና የቀደመውን ከኋለኛው ለመለየት ስንፈልግ ነው፤ «ዌን ዩ አራይቭድ፣ አይ ሃድ ኦልሬዲ ኮልድ ዘ ታክሲ»፣ እርስዎ ሲደርሱ ታክሲውን ጠርቼ ነበር። ኋለኛው ድርጊት ካልተጠቀሰ ወይም ከወሬው ካልታወቀ ሰሚው «ከምን በፊት?» ብሎ ይጠብቃል። «ደውዬ ነበር፣ አላነሱም» ለማለት የፈለጉ እንደሆነ «አይ ኮልድ ዩ፣ በት ዜር ዋዝ ኖ አንሰር» ይበሉ። እንግዳው አልተደወለልኝም ብሎ ከተከራከረዎ ደግሞ «አይ ዲድ ኮል ዩ» ይላሉ፤ «ዲድ» የሚለውን ጠበቅ አድርገው። ግሱ ወደ ባዶው «ኮል» መመለሱን ልብ ይበሉ።

በአሉታ ጊዜ ችግሩ ይገለበጣል። «ደውያለሁ» እና «ደወልኩ» በአማርኛ ሁለት ናቸው፤ ሲካዱ ግን ሁለቱም «አልደወልኩም» ይሆናሉ። እንግሊዝኛው እዚህም ሁለት አድርጎ ይይዛቸዋል። እንግዳው ኤርፖርት ደውለው እንደሆነ ሲጠይቅዎ «አይ ሃቨንት ኮልድ የት» ካሉ «ገና ነኝ፣ እደውላለሁ» ማለት ነው። «አይ ዲድንት ኮል» ካሉ ግን ሳይደወል ቀረ፣ ነገሩ አበቃ የሚል ስሜት ይሰጣል። እንግዳው ቢቆጣ አይፍረዱበት። በአማርኛ «ገና» የሚለውን ቃል ለመጨመር ካሰቡ «ሃቨንት» ነው የሚያስፈልግዎት።

አሜሪካውያን «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «የት» ባሉበትም ተራውን ኃላፊ አዘውትረው ይጠቀማሉ፤ «አይ ኦልሬዲ ኮልድ» ሲሉ ቢሰሙ አይደነቁ። «ሃቭ ... ዬስተርዴይ» ግን በአሜሪካም በእንግሊዝም የለም።

እግረ መንገዳችንን፦ ካፌ ውስጥ ስንጠራ አስተናጋጁ ከሩቅ «መጣሁ!» ይለናል። መልኩ ኃላፊ ነው፤ ሰውየው ግን ገና አልመጣም። በእንግሊዝኛ ይህ «አይ ኬም» ሳይሆን «አይ አም ካሚንግ» ነው። የአማርኛውን ቅርጽ እያዩ ተመሳሳዩን ከመፈለግ ድርጊቱ በእርግጥ መቼ ነው ብሎ መጠየቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

«እኔም ሆቴል ነው የምሠራው። እንግዳ ‹አር ዩ ዎርኪንግ ቱሞሮው?› ሲለኝ ግራ ይገባኛል። ‹ዎርኪንግ› አሁን እየተሠራ ያለ ነገር አይደለም እንዴ?»
*አስተናጋጅ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ*

አሁን እየተሠራ ላለም ነው፤ አስቀድሞ ለተያዘ ፕሮግራምም ነው። ፈረቃዎ በሰሌዳ ላይ ወጥቶ ከሆነ «ዬስ፣ አይ አም ዎርኪንግ ቱሞሮው» ማለት እጅግ የተለመደው መልስ ነው። የአማርኛው «እሠራለሁ» ለዘወትሩም ለነገውም ስለሚያገለግል ብዙ ሰው ሁሉንም «አይ ዎርክ» ብሎ ይጨርሳል። «አይ ዎርክ» ግን ብቻውን ሲቆም የዘወትር ነው፤ «አይ ዎርክ አት ናይት»፣ ሥራዬ የማታ ነው። «ልሠራ ነው» ወይም «ልሠራ አስቤያለሁ» ለማለት «አይ አም ጎይንግ ቱ ዎርክ» ይሆናል። «ዊል» ቃል ሲገቡ ወይም እዚያው ቆመው ሲወስኑ ይመጣል፤ እንግዳው ፎጣ ሲጠይቅዎ «አይ ዊል ብሪንግ ኢት» ይላሉ።

ሰዓት ሲጨምሩ ደግሞ ይጠንቀቁ። በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚገቡ ከሆነ ለውጭ እንግዳ «ፍሮም ኤይት» ነው። «ፍሮም ቱ» ካሉት ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ይፈልግዎታል።

«ሜክሲኮ ባለ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሲቪዬ ላይ ‹አይ አም ዎርኪንግ ሂር ሲንስ 2012› ብዬ ጻፍኩ። ያየልኝ ሰው በሁለት ቦታ አስምሮበት መለሰልኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም።»
*የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሜክሲኮ*

አንደኛው መስመር ቴንሱ ላይ ነው። «ከ2012 ጀምሮ እየሠራሁ ነው» ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ካለፈ ጊዜ ተነሥቶ እስካሁን ለዘለቀ ነገር «ሃቭ»ን ይጠይቃል። «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ ሂር ሲንስ ...» ወይም «አይ ሃቭ ዎርክት ሂር ሲንስ ...» ይበሉ። በ«ዎርክ» ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም ነው። ለሲቪና ለደብዳቤ አጭሩን «ሃቭ ዎርክት» እንመርጣለን።

«ሲንስ» መነሻውን ይዞ ይሄዳል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። «ፎር» ርዝመቱን ይይዛል፤ «ፎር ፋይቭ ይርስ»። «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» አይባልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በቃለ መጠይቅ ላይ «አይ ዎርክት ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ማለት ነው። ሰዋስዉ ልክ ስለሆነ ማንም አያርምዎትም፤ ጠያቂው ግን ሥራውን ለቀው የወጡ መስሎት ያልፋል። «ሃቭ» መኖሯና አለመኖሯ እዚህ ላይ ሥራ አለኝና ሥራ የለኝም የሚያሰኝ ልዩነት ታመጣለች።

ሁለተኛው መስመር ዓመቱ ላይ መሆን አለበት። 2012 የኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭው አንባቢ ግን እንደራሱ ያነበዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 3ኛ ሳምንት ገደማ 7 ይጨምሩ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። በኅዳር 2012 አጋማሽ ከጀመሩ ኖቬምበር 2019 ነው። በየካቲት 2012 መጀመሪያ ከሆነ ፌብሩዋሪ 2020። ሳይቀይሩ ከተዉት በወረቀቱ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት የሌለ ልምድ ይገባል፤ የትምህርት ማስረጃዎ ላይ ካለው ዓመት ጋርም ይጋጫል።

ከሥራ ዝርዝሩ በታች ነጥብ እየሰጡ ሲጽፉ «አይ» ይቀራል፤ በሲቪ ላይ ይህ የተፈቀደ ነው። ለቀው ለወጡበት ሥራ በኃላፊው ይጀምሩ፦ «ፕሪፔርድ»፣ «ቼክድ»፣ «ሪፖርቲድ»። አሁን ላሉበት ባዶውን፦ «ፕሪፔር»፣ «ቼክ»፣ «ሪፖርት»። «ፕሪፔርስ» እያሉ በኤስ የሚጽፉ አሉ፤ የተተወው ባለቤት «አይ» እንጂ «ሂ» ስላልሆነ ኤሷ መግቢያ የላትም። የሥራ ማስታወቂያ የምታነቡ ሁሉ ይህችን አንድ መስመር ደጋግማችሁ ብትፈትሹ አይጎዳችሁም።

«ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ‹ዎርክድ› አይባልም ‹ዎርክት› ነው አለችኝ። ሲጻፍ በዲ ነው። ማን ነው ልክ?»
*የተማሪ ወላጅ፣ ፒያሳ*

ልጅዎ ልክ ናት። ኢ-ዲ ተብሎ የሚጻፈው መጨረሻ 3 ድምፅ አለው፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ከፊቱ ያለው ድምፅ ነው። ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ አድርገው የግሱን የመጨረሻ ድምፅ ለብቻው ያውጡ። ጉሮሮዎ ካልነዘረ፣ ማለትም ክ፣ ፕ፣ ፍ፣ ስ፣ ሽ፣ ች ከሆነ፣ የሚከተለው «ት» ነው፦ ዎርክት፣ ሄልፕት፣ ላፍት፣ ዎሽት፣ ዎችት። ከነዘረ፣ ወይም ግሱ በአናባቢ ካለቀ፣ «ድ» ነው፦ ኮልድ፣ ክሊንድ፣ ስቴይድ። ግሱ ራሱ በት ወይም በድ ካለቀ ብቻ ነው ተጨማሪ ክፍለ ቃል የሚመጣው፦ ዌይቲድ፣ ስታርቲድ፣ ኒዲድ።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስህተት ሁሉንም በሦስተኛው መንገድ ማንበብ ነው፤ «ዎርኪድ»፣ «ሄልፒድ»። ምክንያቱ ፊደሉን ተከትሎ ማንበብ ነው፤ በኢ-ዲ ውስጥ ኢ ስላለች አንደበታችን ሊያወጣት ይፈልጋል። «ዎርክት» ግን አንድ ክፍለ ቃል ነው፤ ክና ት ያለ ምንም አናባቢ ተጣብቀው ይወጣሉ። ለልምምድ ከቀጣዩ ቃል ጋር አያይዛ ትበለው፤ «ዎርክት ኢን» ሲባል ቷ ወደ «ኢን» ትሻገርና «ዎርክ-ቲን» ይመስላል። «ዎርክት ቱዴይ» ሲባል ደግሞ ሁለቱ ቶች አንድ ሆነው «ዎርክ ቱዴይ» ይመስላል። ስለዚህ ስታዳምጥ የግሱን ጭራ ብቻ ጠብቃ ጊዜውን ለመለየት አትሞክር፤ ከአካባቢው ካሉት ቃላት ታግኘው።

የኤስም ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ከማይነዝረው በኋላ «ስ»፣ ዎርክስ፤ ከሚነዝረው በኋላ «ዝ»፣ ኮልዝ፤ ከስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ችና ጅ በኋላ «ኢዝ»፣ ዎሺዝ።

አጻጻፉን በተመለከተ «ዎርክ» ምንም አያስቸግርም፤ ኢ-ዲ ጨምሮ ማለፍ ነው። «ክሎዝ» በኢ ስለሚያልቅ ዲ ብቻ ይበቃዋል። «ስተዲ» «ዋይ» ፊደልን ወደ «አይ» ፊደል ይለውጣል፤ «ፕሌይ» ግን ከዋይ በፊት አናባቢ ስላለ አይለውጥም። «ስቶፕ» ፒውን ይደግማል። «ቪዚት» አይደግምም፤ ጫናው፣ ማለትም ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው ክፍል፣ መጀመሪያው ላይ ነው። «ፕሪፈር» የመጨረሻ ፊደሉን ይደግማል፤ ጫናው መጨረሻው ላይ ነውና።

«‹ከሠራሁ›፣ ‹ብሠራ›፣ ‹ብሠራ ኖሮ›። እነዚህን ሦስቱን በእንግሊዝኛ ስናገር ሁልጊዜ ይምታቱብኛል።»
*የትራንስፖርት ድርጅት ሠራተኛ፣ ለገሃር*

የሚምታቱበት ምክንያት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው የግስ መልክ ተቃራኒ ነው።

«ቅዳሜ ከሠራሁ ይከፈለኛል» ሊሆን የሚችል ነገር ነው። አማርኛው «ሠራሁ» የሚለውን የኃላፊ መልክ ይጠቀማል፤ እንግሊዝኛው ግን የአሁኑን፦ «ኢፍ አይ ዎርክ ኦን ሳተርዴይ፣ አይ ዊል ቢ ፔይድ»። አማርኛውን ተከትሎ «ኢፍ አይ ዎርክት ... አይ ዊል» የማለት ስህተት እዚህ ነው የሚመጣው።

«ቅዳሜ ብሠራ ይከፈለኝ ነበር»፣ አልሠራም እንጂ። አሁን አማርኛው የኃላፊውን መልክ ተወ፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ያዘው፦ «ኢፍ አይ ዎርክት ኦን ሳተርዴይስ፣ አይ ዉድ ቢ ፔይድ»። «ዎርክት» እዚህ ያለፈ ጊዜን አይናገርም፤ ከእውነቱ መራቁን ነው የሚናገረው።

«ባለፈው ቅዳሜ ብሠራ ኖሮ ይከፈለኝ ነበር»፣ አመለጠኝ። «ኢፍ አይ ሃድ ዎርክት ላስት ሳተርዴይ፣ አይ ዉድ ሃቭ ቢን ፔይድ»። «ኖሮ» ባለበት «ሃድ» አለ ብለው ቢይዙ አብዛኛውን ጊዜ አይስቱም። በአማርኛ ሁለተኛውም ሦስተኛውም በ«ይከፈለኝ ነበር» እንደሚያልቁ ልብ ይበሉ፤ እንግሊዝኛው «ዉድ ቢ» እና «ዉድ ሃቭ ቢን» ብሎ ይለያቸዋል። ስለዚህ መጨረሻውን ሳይሆን መጀመሪያውን፣ «ኖሮ» መኖሩንና አለመኖሩን፣ አይተው ይወስኑ።

በ«ኢፍ» በኩል «ዊል» አይገባም፤ «ኢፍ አይ ዊል ዎርክ» ስህተት ነው። «ኢፍ» «ይሁን አይሁን» የሚል ትርጉም ሲኖረው ግን ይገባል፤ «አይ ዶንት ኖው ኢፍ ሂ ዊል ዎርክ ቱሞሮው»፣ ነገ ይሥራ አይሥራ አላውቅም። የሚለየው የአማርኛ ትርጉሙ ነው፤ ይኸኛው በ«ከ» ወይም በ«ብ» አይመለስም።

«የአለቃዬን ደብዳቤ ስተይብ ‹ዊ ሪኮመንድ ዛት ሂ ዎርክ ኢን ዘ ፋይናንስ ዲፓርትመንት› የሚል አገኘሁና ኤስ ጨመርኩበት። አለቃዬ መልሰው አወጡት። ‹ሂ› ካለ ኤስ የለም እንዴ?»
*ጸሐፊ፣ ቸርችል ጎዳና*

አለቃዎ ትክክል ናቸው። ይህ ሰብጀንክቲቭ የሚባለው ነው፤ በኛ ሰዋስው «እንዲሠራ» የምንለውን ቦታ ይይዛል። ሪኮመንድ፣ ሰጀስት፣ ሪክዌስት፣ ዲማንድ፣ ሪኳየር፣ ኢንሲስት ካሉት ግሶች በኋላ «ዛት» ሲመጣ ግሱ ለማንኛውም ባለቤት ባዶውን ይቆማል። ዋናው ግስ ኃላፊ ቢሆንም አይለወጥም፤ «ዜይ ሪኮመንዲድ ዛት ሂ ዎርክ»። «እንዲሠራ» በ«ይመክራሉ»ም በ«መከሩ»ም ፊት እንደማይለወጠው ማለት ነው። ሲካድ ያለ «ዳዝ» ነው፦ «ዛት ሂ ኖት ዎርክ»። በእንግሊዝ አገር አጻጻፍ «ዛት ሂ ሹድ ዎርክ» ማለትም የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሆናሉ።

«ኢንሲስት» ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። «እንዲሠራ አጥብቀው ጠየቁ» ከሆነ ኤስ የለም። «እንደሚሠራ አጥብቀው ተናገሩ» ከሆነ ግን ተራ ወሬ ነውና ኤስ አለ፤ «ሺ ኢንሲስትስ ዛት ሂ ዎርክስ ሃርድ»። «እንዲ» እና «እንደሚ» ራሳቸው ይነግሩዎታል።

አንድ ሌላ ስህተት በደብዳቤዎች ላይ በብዛት እናያለን፤ «ዊ ሰጀስት ሂም ቱ ዎርክ»። «ሰጀስት» ይህን አሠራር አይቀበልም፤ «ዊ ሰጀስት ዛት ሂ ዎርክ» ይሁን። አስክ፣ ቴል፣ ዎንት፣ አድቫይዝ ግን «ሂም ቱ ዎርክ»ን ይቀበላሉ።

«በእንግሊዝኛ ‹ሥራ›፣ ‹ሥሪ›፣ ‹ይሥሩ› ሁሉም ‹ዎርክ› ነው። ታዲያ ትልቅ ሰው እንዴት ይታዘዛል?»
*አንባቢ፣ ሜክሲኮ*

በግሱ መልክ ሳይሆን በአጠያየቅ ነው። «ዎርክ» ብቻውን ደረቅ ትእዛዝ ነው። «ፕሊዝ» ቢጨመርበትም ለአለቃ ወይም ለደንበኛ ትእዛዝነቱ አይለቅም። ከፍ ያለው «ኩድ ዩ ዎርክ ኦን ሳተርዴይ?» ነው። ከዚያ የሚለሰልሰው «ዉድ ዩ ማይንድ ዎርኪንግ ኦን ሳተርዴይ?» ነው፤ ከ«ማይንድ» በኋላ «ቱ ዎርክ» ሳይሆን «ዎርኪንግ» መሆኑን አይርሱ። «እንሥራ» ለማለት «ሌትስ ዎርክ» ይበቃል። «ይሥራ» «ሌት ሂም ዎርክ» ይሆናል፤ ይህ ግን «ተዉት ይሥራ» ተብሎም ሊሰማ ይችላል።

«ዉድ ዩ ማይንድ» ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ መልሱ ይገለበጣል። ጥያቄው «ቅር ይልዎታል?» ነውና ፈቃደኛ ከሆኑ «ኖት አት ኦል» ይበሉ። «ዬስ» ካሉ እምቢ ማለትዎ ነው።